የተበደርነው ጥጋብ



ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እህት ከጅዳ በስልክ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ልጅ ሳለች እኔ ዘንድ የቀራች ናት፤ ከባለቤቷ ጋር እዚያ መኖር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። «ኡስታዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ግን እንዳይስቁብኝ» ብላ ጀመረች። ክብደቷ 98 ኪሎ ደርሷል። ስኳር በሽታ ከያዛት ሁለት ዓመት አልፏል። ጉልበቷ አልታጠፍ ስላላት ሱጁድ መውረድ ትታ በወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰግዳለች። ሐኪሟ «ጨጓራሽ ውስጥ ፊኛ እናስገባልሽ፤ ስድስት ወር ቆይቶ ይወጣል» ብሏታል። የእሷ ጥያቄ «ይህ አላህ የፈጠረውን መለወጥ አይሆንብኝም ወይ?» የሚል ነበር።

እኔም ሳልውል ሳላድር መለስኩላት። «ልጄ፣ ፊኛ ምን ያደርግልሻል? ምግብሽን ቀንሺ፤ ሰኞና ሐሙስ ጹሚ፤ በእግርሽ ሂጂ» አልኳት። መልሷ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። «ኡስታዝ፣ ሰኞና ሐሙስ መጾም ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ያ አጭር መልስ ነው። የጠየቀችኝ ስለ ፊኛው ነበር፤ እኔ የመለስኩት ግን ስለ እሷ ጠባይ ነው፤ ጠባይዋንም ሳልጠይቅ። ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ልመረምረው ተገደድኩ። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከእኔ ጋር መርምረው።

ዕቃው ምንድን ነው?

ፊኛው ከሲሊኮን የተሠራ ነው። ሐኪሙ ባዶውን በአፍ በኩል አሳልፎ ጨጓራ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ በኢንዶስኮፒ እያየም ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሊትር የሚሆን ጨው ያለበት ውሃ ይሞላዋል። ሆድ አይቀደድም። ብዙ ጊዜ ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይጨመርበታል፤ ፊኛው ቢፈነዳ የሽንት ቀለም ተለውጦ በሽተኛውን እንዲያስጠነቅቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይበረታል። ስድስት ወር ሲሞላ ውሃው ይመጠጥና ፊኛው በገባበት መንገድ ይወጣል።

የጎልማሳ ሰው ጨጓራ ሲሞላ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ያህል ይይዛል። እንግዲህ ፊኛው የጨጓራውን ሲሶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይይዛል ማለት ነው። ይህን ሳሰላ ሁላችንም ከልጅነታችን የምናውቀው የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ምክር ትዝ አለኝ። ሆድን የሞላ ሰው ከዚያ የከፋ ዕቃ እንዳልሞላ፣ ወገብን የሚያቀናው ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃ፣ ግድ ከሆነም ሲሶው ለምግብ፣ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ እንዲሆን መምከራቸውን ቲርሚዚይ ዘግበውታል። እኛ በፈቃዳችን ባዶ እንድንተወው የተመከርነውን ሲሶ፣ ሐኪሙ በሲሊኮን ይይዘዋል። ታዲያ የጥያቄው ሁሉ ሥር ይህ አይደለምን? በፈቃድ ያልተተወ ቦታ በዕቃ ቢያዝ ምን ይሆናል?

ከፊኛው ሌላም መሣሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ላፕ ባንድ የጨጓራን አናት የሚያስር የሲሊኮን ቀለበት ነው፤ ከቆዳ ሥር በተቀበረ መውጊያ በኩል ውሃ እየተጨመረበትና እየተቀነሰለት ይጠብቃል፣ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተፈቀደ ሌላ መሣሪያ ደግሞ ከጨጓራ ወደ አንጎል በሚሄደው ትልቅ ነርቭ ላይ ኤሌክትሪክ እየላከ የረኀብን ስሜት ለማደብዘዝ የተሠራ ነበር። መልካቸው ይለያያል፤ የሁሉም ዓላማ ግን በእኛ ፈንታ «በቃ» ማለት ነው።

መለወጥ ወይስ ማከም?

የእህታችን ሥጋት መሠረት የሌለው አይደለም። የአላህን ፍጥረት መለወጥ የሸይጧን ጉትጎታ እንደሆነ በሱረቱ ኒሳእ ተወስቷል። ለውበት ብለው ጥርሳቸውን የሚያስፈልጡ ሴቶች በሐዲስ መወገዛቸውንም እናውቃለን። ነገር ግን ውግዘቱ «ለውበት» በሚል ቃል መታሰሩን ዑለማዎች አስተውለዋል።

ከዚሁ ጋር ሌላ ታሪክ አለ። ዐርፈጃ ኢብን አስዐድ የተባሉ ሶሐባ ከእስልምና በፊት በተደረገ ጦርነት አፍንጫቸው ተቆርጦ ነበር። ከብር የተሠራ አፍንጫ አደረጉ፤ ብሩ ሸተተባቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በወርቅ እንዲያሠሩት አዘዟቸው። አንባቢ ሆይ፣ ወርቅ ለወንድ የተከለከለ ጌጥ መሆኑን አትርሳ። ለጌጥ የተከለከለው ለጉዳት ማካካሻ ተፈቀደ። ስለዚህ ባዕድ ነገር ወደ ሰውነት መግባቱ ብቻውን መለወጥ አይባልም፤ የሚለየው የገባበት ምክንያት ነው።

በዘመናችንም ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2007 በማሌዥያ ፑትራጃያ ከተማ ባደረገው ጉባኤ ይህን መሰል ጉዳይ ተመልክቶ ነበር። ውፍረቱ ሕመም የሚባል ደረጃ ከደረሰ፣ ከቀዶ ሕክምና ሌላ መንገድ ከታጣና ከጉዳት መዳን ከተቻለ፣ ክብደትን በታወቀ የሕክምና ዘዴ፣ በቀዶ ሕክምና ጭምር መቀነስ እንደሚፈቀድ ወስኗል። ሦስቱን ማሰሪያዎች ልብ በል፤ ሕመም መሆኑ፣ ሌላ መንገድ መታጣቱ፣ ጉዳት አለመኖሩ። ፊኛው ከቀዶ ሕክምና የቀለለ ቢሆንም በእነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ቢመዘን መልካም ነው።

የመጀመሪያውን በተመለከተ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ስሌት አለ። ክብደት በኪሎ ለቁመት በሜትር ሁለቴ ይካፈላል፤ ውጤቱ 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል። የእህታችን ቁመት 1 ሜትር ከ60 ነው፤ ስሌቷ 38 ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ከ890 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶች በዚህ ደረጃ ላይ ነበሩ። ስኳሩና ጉልበቷ ሲጨመሩበት ነገሩ የመልክ ጉዳይ እንዳልሆነ ማንም ይረዳል።

«ሆዳም» የምንለው ማንን ነው?

እውነቱን ለመናገር እኔን ያስቸኮለኝ የፊቅህ ጥያቄው አልነበረም። «ወፍራም ሰው ራሱን መግዛት ያቃተው ነው» የሚል ያልተመረመረ አሳብ በልቤ ተቀምጦ ኖሯል። ቋንቋችንም ያግዘኛል። ታጋሹን «ሆደ ሰፊ» ብለን እናወድሳለን፤ የሚበላውን «ሆዳም» ብለን እንሰድባለን። ያገሬ ሰው ከስቶ የነበረ ሰው ሲያገኝ «ወፈርክ፣ አማረብህ» ይላል፤ ያው ሰው ጥቂት ከጨመረ ደግሞ ከኋላው ይስቃል።

የሰውነትን አሠራር የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን ሌላ ነገር አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ታወቀ፤ ከስብ እየመነጨ ለአንጎል «ስንቅ አለን» ብሎ ይነግራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ግሬሊንን አገኙ፤ እርሱ ከጨጓራ እየመነጨ «አምጡ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ሰው ምግብ ቀንሶ ሲከሳ የግሬሊኑ መጠን ከፍ ይላል። ይኸውም ክብደቱን በጥረቱ የቀነሰ ሰው ከመቀነሱ በፊት ከነበረው የበለጠ ረኀብ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ሰውነት ስቡን እንደ ጎተራ ይጠብቃል፤ ጎተራው ሲጎድል ይጮኻል።

እንግዲህ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ረኀቡ የእኛ ሥራ አይደለም፤ እጃችን ወደ ሳሕኑ መሄዱ ግን የእኛ ሥራ ነው። የምንጠየቀው በሁለተኛው ነው። ነገር ግን ሁለት ሰዎች እኩል እጃቸውን ቢሰበስቡ እኩል ታገሉ ማለት አይደለም። ትንፋሽህን ለአፍታ መያዝ ትችላለህ፤ ዕድሜህን ሙሉ ግን አትችልም። በቀስታ ለሚንሾካሾክ ረኀብ «በቃኝ» ያለና ቀንና ሌሊት ለሚጮኽ ረኀብ «በቃኝ» ያለ ምንዳቸው አንድ ነው ብሎ ማን ይደፍራል? እኔ ቀጭን ነኝ፤ ቅጥነቴን እንደ ዒባዳዬ እቆጥረው ነበር። ምናልባት ረኀቤ ትንሽ ሆኖ ይሆናል እንጂ ትዕግሥቴ ትልቅ ሆኖ አልነበረም።

ቀደምቶቻችን በዚህ ከእኛ ይሻሉ ነበር። ኢብን ሲና ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በ«አል-ቃኑን» መጽሐፋቸው ከሌሎች ሕመሞች ጋር አስቀምጠው ጉዳቱን አብራርተዋል። የሊዮን ክርስቲያን ንጉሥ ሳንቾ በውፍረቱ ምክንያትም ጭምር እ.ኤ.አ. በ958 ዙፋኑን ሲያጣ ወደ ቁርጡባ ሄደ፤ በኸሊፋ ዐብዱረሕማን ሦስተኛው ቤተ መንግሥት የነበረው አይሁዳዊው ሐኪም ሐስዳይ ኢብን ሸፕሩጥ አከመው። ክብደቱ ቀንሶለት በ960 ወደ ዙፋኑ ተመለሰ። ሙስሊሞቹ የመጣባቸውን ወፍራም ንጉሥ እንደ በሽተኛ ተቀብለው አከሙት።

ሶሐባዎች የዐብደላህ ኢብን መስዑድን (ረ.ዐ.) ቀጫጭን ቅልጥሞች አይተው በሳቁ ጊዜ፣ እነዚያ እግሮች በሚዛን ላይ ከኡሑድ ተራራ እንደሚከብዱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነግረዋቸዋል። ቅጥነቱ ያሳቀባቸውን ሰው እንዲህ ካከበሩ፣ ውፍረቱ የሚያስቅብንን ሰው እንዴት ልንይዘው ይገባናል?

ስድስት ወር ያልፋል

ይህን ስንል ግን ዕቃው ሁሉን ያደርጋል ማለታችን አይደለም። በአሜሪካ ለፈቃድ በተደረገው ጥናት ፊኛ የገባላቸው ሰዎች በስድስት ወር ውስጥ ከክብደታቸው አንድ አሥረኛ ያህል ቀንሰዋል፤ ፊኛ ሳይገባላቸው ምክርና ክትትል ብቻ ያገኙት የቀነሱት የዚያን ሲሶ ያህል ነው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ ተአምር ግን አይደለም። ፊኛው ከወጣ በኋላም ብዙዎች ከቀነሱት ከፊሉን መልሰው ይጨምራሉ።

ስለዚህ እኔ ይህን ጥጋብ የብድር ጥጋብ እለዋለሁ። ብድር ነውር አይደለም፤ የተቸገረ ይበደራል። ብድርን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም በተሰጠው ጊዜ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። ገበሬ በሬ ተበድሮ ካረሰ በሬውን ቢመልስም እርሻው ይቀርለታል፤ በሬውን አስሮ ካዋለው ግን በሬውም ሄደ፣ እርሻውም ጾሙን አደረ።

በእነዚያ ስድስት ወራት የሚታረሰው እርሻ ምንድን ነው? ልማድ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ በ«ኢሕያእ» ስለ ሆድ በጻፉበት ክፍል፣ ሁለት ዳቦ የለመደ ሰው ወደ አንድ ለመውረድ ቢፈልግ በአንድ ጊዜ እንዳይቆርጥ፣ በየቀኑ ከዳቦው ከሠላሳ አንድ እጅ ያህል እየቀነሰ በወር እንዲደርስ መክረዋል። ሰውነትን ሳያስደነግጡ ማለማመድ ማለታቸው ነው። ፊኛው ይህን ማለማመድ ያቀልለዋል፤ ጩኸቱን ዝቅ ያደርገውና ሰውየው ቀስ ብሎ ማኘክን፣ በትንሽ ሳሕን መብላትን፣ ከእራት በኋላ መንቀሳቀስን እንዲለምድ ፋታ ይሰጠዋል።

እዚህ ላይ ግን አብሮት ገበታ የሚቀርበው ሰው ሁሉ ድርሻ አለበት። አንድ እንግዳ «በቃኝ» ሲል እኛ ምን እንላለን? «በሞቴ! ይህችን ብቻ! ካልበላህልኝ እቀየምሃለሁ!» እንላለን። ሦስተኛውን ጉርሻ በአፉ እንሞላለን። ከዚያ ያንኑ ሰው ሲወፍር «ራሱን አይገዛም» እንለዋለን። ፍቅራችን መልካም ነው፤ ሰው «በቃኝ» ማለትን ሲማር በሞታችን ማስማል ግን የሕክምናውን ግማሽ ማፍረስ ነው።

ድንበሩ የት ነው?

አንድ መሣሪያ ደግሞ በእጅጉ አሳስቦኛል። አስፓየር አሲስት ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 ተፈቅዶ በ2022 ከገበያ ወጥቷል። ከጨጓራ ወደ ሆድ ቆዳ የሚወጣ ቱቦ ነው። ሰውየው ይበላል፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ቱቦውን ከፍቶ ከበላው ሲሶ ገደማውን ወደ መጸዳጃ ያፈስሰዋል።

ፍትሐዊ እንሁን። ቱቦው እንዳይደፈን ተጠቃሚዎቹ በደንብ ማኘክ ነበረባቸው፤ በዚህም ቀስ ብሎ መብላትን የለመዱ ነበሩ። ሌላ መንገድ ሁሉ የተዘጋበትንና ሞት የቀረበውን በሽተኛ በዚህ ልፈርድበት አልችልም። ነገር ግን ይህ ዕቃ ከፊኛው በአንድ ነገር ይለያል። ፊኛው ሰውን «በቃኝ» እንዲል ያግዘዋል፤ ቱቦው ግን ሳይል እንዲያልፍ መንገድ ይከፍትለታል። የመጀመሪያው ምርኩዝ ነው፤ ተደግፈኸው በእግርህ ትሄዳለህ። ሁለተኛው ሥራውን እንዳለ ትቶ ውጤቱን ብቻ ያፈስሳል። ያውም የሚፈስሰው ሪዝቅ ነው።

ይህ ልዩነት ለሌሎችም መድኃኒቶች መለኪያ ይሆነናል። ከእ.ኤ.አ. 2021 ወዲህ በሳምንት አንዴ የሚወጉ አዳዲስ የክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ወጥተው ብዙ ሰው ከመሣሪያ ወደ መርፌ ዞሯል። ነገም ሌላ ይመጣል። አንባቢ ሆይ፣ ስሙን ተወውና «ይህ ነገር ፈቃዴን ያግዘዋል ወይስ ከፈቃዴ ያሰናብተኛል?» ብለህ ጠይቅ።

የጉዳቱን ማሰሪያም አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የመጀመሪያው የጨጓራ ፊኛ የጨጓራ ቁስልና የአንጀት መዘጋት ስላስከተለ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽያጩ ቆሟል። ኢንዶባሪየር የተባለው፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚሸፍን እጅጌ መሰል ዕቃ ደግሞ በበሽተኞች ጉበት ላይ መግል ስላስያዘ የአሜሪካ ሙከራው በ2015 ተቋርጧል። በውሃ የሚሞሉት የዛሬዎቹ ፊኛዎችም ቢሆኑ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ አምስት ሰዎች ሞት ሐኪሞችን አስጠንቅቋል፤ በ2018 ከ2016 ወዲህ በዓለም የደረሱት ሪፖርቶች 12 መሆናቸውን ገልጿል። ፊኛ ከገባላቸው ሰዎች ብዛት አንጻር ጥቂት ነው። ለመልክ ብሎ ለሚገባበት ግን አንዱም ብዙ ነው፤ ሰውነት አማና ነውና።

ለእህታችን የሰጠሁት መልስ

ይህን ሁሉ ካየሁ በኋላ መልሼ ደወልኩላት። መጀመሪያ «አውፍ በይኝ» አልኳት። ቀጥዬም «ልጄ፣ ይህ ሕክምና እንጂ ፍጥረትን መለወጥ አይመስለኝም። ሐኪምሽን ግን ሦስት ነገር ጠይቂው። ከዚህ የቀለለ ምን ቀርቶኛል? ቢፈነዳ ወይም ቢያመኝ በስንት ሰዓት አገኝሃለሁ? ከወጣ በኋላስ ማን ይከታተለኛል? ለሦስተኛው መልስ ከሌለው አትቸኩይ» አልኳት።

ያኔ ነው ያላሰብኩትን የነገረችኝ። ለሕክምናው የምትከፍለው ለእናቷ ቤት ጣሪያ ማደሻ ያጠራቀመችውን ነው። አገር ቤት ያለው ወንድሟ «ሰው በሚራብበት ዘመን ላለመብላት ገንዘብ ትከፍያለሽ?» ብሎ ተቆጥቷታል። ቃሉ ይጎመዝዛል፤ እኔም ልለው የምችለው ቃል ነበር። ነገር ግን የታመመች ሴት ሳትታከም ብትቀር የተራበው ሰው አይጠግብም። ኢስራፍ ማለት ያለ ፍላጎት ማባከን ነው፤ ሱጁድ መውረድን መልሶ መፈለግ ማባከን አይደለም። የተራበውንስ ከሚተርፈን ምግብ ማን ከለከለን?

«እናትሽስ ምን አሉ?» አልኳት።

«ጣሪያው ይቆያል፤ አንቺ ቅደሚ አሉኝ» አለች።

የእናቷን ያህል ፊቅህ ሳልይዝ መልስ ለመስጠት ቸኩዬ ነበር። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት አፊያን፣ ለጤነኞቹ ትሕትናን ይስጠን። በገበታችን ላይ «በቃኝ» ማለትን ያግራልን፤ «በቃኝ» ለማለት የሚታገለውን ሰው ከምላሳችን ይጠብቀው። አሚን።

ወላሁ አዕለም።